መብራት ከጠፋ በኋላ

ነቀምት ውስጥ ሰርግ የደገሰ ሰው ያውቀኛል። ዘፋኝ ነኝ። ካሴት ያላወጣሁ፣ ቴሌቪዥን ላይ ያልታየሁ፣ ግን ከጊምቢ እስከ አርጆ በየድንኳኑ የዘፈንኩ የሰርግና የበዓል ዘፋኝ። ሰው ሲያገኘኝ ሁልጊዜ የሰርግ ወሬ እንዳወራለት ይፈልጋል። ሚዜው ሰክሮ ኬኩ ላይ የተቀመጠበትን፣ ሙሽራዋ ከሙሽራው ቀድማ ከሰርጉ ድንኳን የሮጠችበትን፣ እነዚያን ስንት ጊዜ አውርቻቸዋለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ላወራው በጀመርኩ ቁጥር ከመሀል የማቋርጠውን ነው። በጽሑፍ ምናልባት እጨርሰው ይሆናል።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ወልዴ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምት ገበያ ውስጥ የብርድ ልብስና የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እኔ ሰናይት እዚሁ ተወለድኩ። ከሰፈር ልጆች ጋር በኦሮምኛ እየተጣላሁና እየታረቅሁ፣ ቤት ስገባ በጉራግኛ እየተቆጡኝ፣ ትምህርት ቤት በአማርኛ እየዘፈንኩ አደግሁ። አባዬ ዘፋኝ መሆኔን አልከለከለኝም፤ አልመረቀኝምም። ደንበኞቹ "ልጅህ ትናንት ስታስጨፍረን አመሸች" ሲሉት ሜትሩን አንስቶ ጨርቅ መለካት ይጀምራል ይባላል። አንድም ቀን መጥቶ ሰምቶኝ አያውቅም።

ባንዳችን አራት ሰው ነበር። መሪያችን ሳክስፎን ነፊው ኦቦ ቶለሳ ነበሩ። "ኦቦ" እኛ አገር "አቶ" እንደማለት ነው፤ ብቻ ትንሽ ሞቅ ይላል። በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ብዙ ዘመን ተጫውተው፣ በኋላ አርጆ ገብተው ቡናቸውን እየለቀሙ የሚኖሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ነበሩ። ኪቦርድ የሚጫወተው ጋዲሳ ሙያውን የተማረው ከቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ጋር ስለነበር ከእኛ ጋር የሚሠራው ከእናቱ ተደብቆ ነው። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ወንድወሰን ደግሞ ከወሎ ተመድቦ የመጣ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ አስተማሪ ነበር።

በዚያ ዓመት መስቀል ሲደርስ ጦርነት ሊጀመር ነው ይባል ነበር። መቼ፣ የት፣ ከየት ወዴት፣ ማንም አያውቅም። ግን ዱቄት ከሱቅ ጠፋ። ቤንዚን በሃይላንድ ላስቲክ ከጓሮ መሸጥ ጀመረ። ስልክ ተቋረጠ። ሸራ የለበሱ ከባድ መኪናዎች በአስፋልቱ ላይ ወደ ምዕራብ ያልፋሉ፤ ሲያልፉ ሰው ወሬውን ያቆማል፤ ካለፉ በኋላ ደግሞ ወሬውን የት ላይ እንዳቆመው ይጠፋዋል። ሰላምታችን እንኳ ተለወጠ። ድሮ "አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ" ሲባል "ነጋ፣ ሰላም" ብሎ ማለፍ ነበር። ያን ሰሞን ግን ሁሉም "ነጋ" ካለ በኋላ ግራና ቀኙን ያያል።

መስቀል ለጉራጌ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። አባዬ ዓመቱን ሙሉ የማይዘጋት ያቺ ሱቅ ለመስቀል ትዘጋለች፤ ሁላችንም አገር ቤት እንገባለን። በዚያ ዓመት ግን መንገዱ ተዘጋ። እናቴ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ለሕክምና አዲስ አበባ እህቴ ጋ ነበረች፤ ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምጿን አልሰማንም። እንደኛ መውጫ ያጣው ብዙ ነው። ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ የጤና ባለሙያው፣ ወሎና ጎጃም ዘመድ ያለው ሁሉ ነቀምት ውስጥ ቀረ። የሰፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው "አገሩ መግባት ያልቻለ ሁሉ አንድ ላይ ይዋል፤ ጎረቤትም ይምጣ" አሉና ጨለለቂ የሚባለው ሰፈር በኩል ያለ አንድ አዳራሽ ተከራዩ። ሰዓት እላፊ ስለታወጀ ከቀትር በኋላ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲያልቅ ተወሰነ። ሙዚቃው የኛ ሆነ።

ጋዲሳ መጀመሪያ አልፈለገም። "ሰው ሁሉ እንዲህ ፈርቶ እኛ ልንጨፍር?" አለ።

"ሰውማ ያለኛም ይፈራል፤ ለፍርሃት እኛ አናስፈልግም" አለው ወንድወሰን። "ለመስቀል ግን እናስፈልጋለን።"

ኦቦ ቶለሳ ከአርጆ መምጣታቸውን ተጠራጥረን ነበር። በመስቀል ዕለት ጠዋት ግን ግማሹን መንገድ በሞተር ግማሹን በእግራቸው አድርገው፣ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ፣ ሳክስፎናቸውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ደረሱ። በየኬላው "ይሄ ምንድነው?" እየተባሉ ሲያስፈቷቸው ነው የመጡት።

"ሙዚቃ ነው ስላቸው አላመኑኝም" አሉ እየሳቁ። "ንፋው አሉኝ። ነፋሁላቸው። እዚህ አዳራሹ አጠገብ ያሉትማ 'ድገመው' አሉኝ። ኢንተላ ኮ፣ በየኬላው ኮንሰርት እያሳየሁ ነው የመጣሁት።" ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚጠሩኝ።

አዳራሹ ረጅምና ጠባብ ነው። መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው፤ ትንንሽ። ትልቁ ባለ ሁለት መዝጊያ በር ከመድረኩ ፊት ለፊት ከዳር ሆኖ ወደ ደረጃ ይከፈታል። ከመድረኩ ጀርባ ሌላ በር አለ፤ ግን የተሰበሩ የተማሪ ዴስኮች እስከ ጣሪያው ተቆልለውበት ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይታየኝም። የታየኝ የሰዉ ብዛት ነው። ቤተሰቡን ይዞ ያልመጣ የለም። ክትፎና ቆጮው ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል፤ እናቶች በነጠላ፣ ሕፃናት በአዲስ ልብስ፣ ሽማግሌዎች ከነባርኔጣቸው። አንድ ሰው ከበሮ ይዞ መጥቶ መድረኩ ጥግ ላይ አስቀምጦልን ነበር።

ኦቦ ቶለሳ የዘፈኑን ቅደም ተከተል ሁልጊዜ ራሳቸው ነበሩ የሚያወጡት። "መጀመሪያ የአገሩን፣ ከዚያ የባለ በዓሉን፣ ከዚያ የሁሉንም" ይሉ ነበር። ስለዚህ በኦሮምኛ ጀመርን፣ ወደ ጉራግኛ ገባን፣ ከዚያ አማርኛ። ሰው መጀመሪያ እንደ ለቅሶ ቤት እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንዲት ሴትዮ ተነሱ። ሦስተኛው ላይ አግዳሚው ወደ ግድግዳ ተገፋና መሀሉ የጭፈራ ሜዳ ሆነ። የወንድወሰን ተማሪዎች አስተማሪያቸውን ከመድረክ ጎትተው ሊያወርዱት ሲሞክሩ እየሳቅሁ ስንኝ ጠፋኝ።

እንደዚያ እየሳቅሁ ቀና ስል አባቴን አየሁት። ካፖርቱን እንደለበሰ፣ በሩ አጠገብ፣ ለመቀመጥ እንዳልመጣ ሰው ቆሟል። ያሳቀኝ ነገር ሁሉ ጠፋ። እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ለዕረፍት ስንወርድ መድረኩ ጥግ ድረስ መጣ።

"አባዬ፣ ምን ሆነሃል?"

"ምንም። መኪና አገኘሁልሽ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "የኤርሚያስ አይሱዙ ነገ ጠዋት ከሌሎች ጋር በአጀብ ይወጣል። ጋቢና ቦታ አስይዤልሻለሁ። እናትሽ ጋ ትሄጃለሽ።"

"አንተስ?"

"ሱቁን ለማን ጥዬ?"

"እኔስ አንተን ለማን ጥዬ?"

በሰዉ መሀል የሚሯሯጡትን ሕፃናት ሲያይ ቆየ። "ሰኒ፣ እናትሽ ስልክ በሌለበት ምን እያሰበች እንደምታድር አስቢ" አለኝ። "አንዳችን እንኳ ዓይኗ ፊት እንሁንላት።"

እሺ አልኩት። የእሺታዬን ምክንያት ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ለእናቴ ብዬ ብቻ አልነበረም። ፈርቼ ነበር። ስንት ሳምንት ሙሉ "ሂጂ" የሚለኝ ሰው ስጠብቅ የኖርኩ መሰለኝ።

"ቀሪውን ጨርሺና አብረን እንገባለን፤ በሩ ጋ ነኝ" ብሎ ተመለሰ።

ከዕረፍት በኋላ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ነበርን። ጭፈራው ደርቷል። በድንገት ከውጭ ከባድ ፍንዳታ ተሰማ፤ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ መብራቱ ጠፋ። ኪቦርዱ ሞተ፣ ቤዙ ሞተ፣ በእጄ የያዝኩት ማይክ ሞተ። በዚያ ሁሉ ድምፅ ምትክ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። በእነዚያ ትንንሽ መስኮቶች ከሚገባው ብርሃን በቀር አዳራሹ ደብዛዛ ሆነ።

ሁሉም እንደቆመ ቀረ። ከዚያ ከኬላው በኩል ተኩስ ተከታተለ።

አንድ ሰው "ገቡ!" ብሎ ጮኸ። ማን እንደገባ አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም። አግዳሚዎች ተገለበጡ። እናቶች የልጆቻቸውን ስም እየጠሩ ይጮሃሉ። ሰዉ እንደ አንድ አካል ወደ በሩ ዞረ፤ የጀርባቸውን መዞር ከመድረክ ላይ ሆኜ አየሁት። ያን ጊዜ ነው ያ አዳራሽ አንድ መውጫ ብቻ እንዳለው ያወቅሁት።

አባቴ ከሁሉም ቀድሞ በሩን ገርበብ አድርጎ ወደ ውጭ አየ። ያየውን በኋላ ነው የነገረኝ። የኬላው ጠባቂዎች ከአሸዋ ጆንያው ጀርባ ተኝተው የጠመንጃቸውን አፈ ሙዝ ወደ አዳራሹ አዙረዋል። እነሱም እንደኛ የሆነውን አላወቁም። ከዚያ በር ውስጥ ብዙ ሰው እየጮኸ ቢወጣባቸው ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ አባዬ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። በሩን መልሶ ዘጋው፤ ጀርባውን አስደገፈበት፤ ሁለት እጁን ዘረጋ።

"አይወጣም! ቁጭ በሉ!" ይላል። ማን ይሰማዋል። የፊተኞቹ ደረሱበት፤ የኋለኞቹ ፊተኞቹን ይገፋሉ።

ወንድወሰን ወደ እኛ ዞሮ "ዝም እንበል፤ እዚህ ሰው መኖሩን እንዳይሰሙ" አለ።

ኦቦ ቶለሳ ሳክስፎናቸውን ከአንገታቸው አላወረዱም። "መኖራችንንማ ያውቃሉ" አሉ፣ ልክ ልምምድ ላይ እንዳለን ሁሉ ቀስ ብለው። "ከቀትር ጀምሮ ሲሰሙን ነው የዋሉት። አሁን ዝም ካልን እነሱ ናቸው የሚፈሩት። የፈራ ሰው ነው የሚተኩሰው።" ይህን ብለው ከንፈራቸውን አራሱና መንፋት ጀመሩ።

ከባንዳችን መሣሪያ መብራት የማይፈልገው ያ ብቻ ነበር። ያቋረጥነውን ዘፈን ካቆመበት አነሱት፤ ግን በግማሽ ፍጥነት። ጋዲሳ ከኪቦርዱ ጀርባ ወጥቶ ከበሮውን ጥግ ላይ አገኘውና አንገቱ ላይ አጠለቀው። ወንድወሰን አንድ አፍታ አየንና ጊታሩን አስቀምጦ ከመድረክ ዘለለ፤ ተማሪዎቹ መሀል ገብቶ በትከሻቸው እየያዘ ወደ ግድግዳው ያስቀምጣቸው ጀመር።

እኔ ግን ቆሜያለሁ። አፌ ተከፍቷል፤ ድምፅ የለም። ብዙ ዘፋኝ በሕልሙ ያያታል ይህችን። እኔ በቁሜ አየኋት።

ያን ጊዜ ከሰዉ ራስ በላይ፣ ከበሩ በኩል፣ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

"ሰኒ! ዝፈኚ!"

አንድም ቀን ዝፈኚ ብሎኝ አያውቅም። ዝም በዪም ብሎኝ አያውቅም። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ ወጣ። ያለ ማይክ እስከዚያ ግድግዳ ድረስ ለመድረስ ከሆዴ ነው ያወጣሁት። የዘፈኑን ግጥም አላስታወስኩም። ያገኘሁት ቃል "ሱታ" ብቻ ነው፤ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በሉ እንግዶቼ፣ በሩ የትም አይሄድም። ሂን ሶዳቲና፣ አትፍሩ፣ ገና ክትፎው አላለቀም። ግጥም አይባልም። ግን አንዲት ሴትዮ ከፊት ሳቁ። በዚያ መሀል የተሰማችው ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለች። ሳቁና ልጃቸውን ታቅፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ያሉት እሳቸውን አይተው ተቀመጡ። ፊታቸው ወደ በሩ የነበረ ሰዎች አንዳንዱ ወደ መድረኩ ዞረ።

ተኩሱ ቆሞ ነበር። መቼ እንደቆመ ልብ አላልኩም።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ቶለሳ አላቋረጡም፤ በዓይናቸው "አንቺም አታቋርጪ" አሉኝ። አባዬ በሩን ሳይከፍት በኦሮምኛ፣ ከዚያ በአማርኛ ተናገረ። "የበዓል ሰዎች ነን፤ ሕፃንና እናት ነው ያለው፤ ማንም መሣሪያ የያዘ የለም።"

ከውጭ የኬላው አለቃ መለሰ። አባዬ እንደነገረኝ መጀመሪያ የጠየቀው "ይሄ የሚነፋው ጠዋት በእኛ በኩል ያለፈው ሽማግሌ ነው?" ብሎ ነው።

"እሱ ነው" አለው አባዬ።

"እንግዲያው ሙዚቃው አይቁም። ሰዉ በአንድ ጊዜ እንዳይወጣብኝ፤ ልጆቼ ደንግጠዋል። ቤተሰብ ቤተሰብ እየሆነ፣ እጁን እያሳየ፣ ቀስ ብሎ ይውጣ።"

አባዬ ይህንኑ ጮክ ብሎ ለሰዉ ነገረ። ስህተት ነበር፤ "ይውጣ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ሁሉም ተነሳ። ማን ይቅደም? ማን ነው ልጁን ይዞ "እናንተ ሂዱ፣ እኔ እቆያለሁ" የሚለው? ግፊያው እንደገና ጀመረ፤ አንድ ሽማግሌ ወደቁና ባርኔጣቸው በሰው እግር ስር ገባ።

ይህን ያሰብኩት አይደለም፤ ሙያዬ ነው ያደረገው። የሰርግ ዘፋኝ እንግዳን በስሙ እየጠራች ታወድሳለች፤ ስሙ የተጠራ ሰው ይነሳል፣ ያልተጠራው ተራውን ይጠብቃል። እዚያ ካሉት ውስጥ ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ። ወይ እነሱን ድሬያቸዋለሁ ወይ ልጆቻቸውን። ስለዚህ በዚያው ዜማ መጥራት ጀመርኩ።

"የአዴ ጫልቱ ቤት፣ የቀሚሷ ወርቅ፣ ልጆቿን ይዛ ትነሳ!" አልኩ። አዴ ጫልቱ፣ ወይዘሮ ጫልቱ፣ ግራ ተጋብተው አዩኝ። "ተነሺ እንጂ፣ አንቺን እኮ ነው" አሏቸው አጠገባቸው ያሉት። ተነሱ፤ ሰው መንገድ ከፈተላቸው፤ አባዬ በሩን ገርበብ አድርጎ አሳለፋቸው። "የአቶ ሽኩር ቤት፣ የገበያው ሞገስ!" እነሱ ወጡ። የመምህር ታደሰ ቤት። የነርሷ የብዙነሽ ቤት። ስሙ ሲጠራ ሰው በልማዱ ነጠላውን ያስተካክላል፤ በዚያ ፍርሃት ውስጥ እንኳ ሲያስተካክሉ አየሁ። ያልተጠሩት ቁጭ ብለው ዓይኔን ዓይኔን ያዩ ጀመር። ወረፋው በእኔ አፍ ላይ መሆኑን ሁሉም ገብቶታል። ኦቦ ቶለሳ በስምና በስም መሀል አጭር ዜማ ያስገባሉ፤ አንዱ ቤተሰብ ደረጃውን እስኪወርድ የሚበቃ። ጋዲሳ በከበሮው የእርምጃቸውን ልክ ይመታል።

ስማቸውን የማላውቃቸውን በልብሳቸው ጠራኋቸው። ባለ ሰማያዊ ካፖርቱ አባቴ። መንታ የታቀፍሽው እህቴ። ወንድወሰን ከታች የተማሪዎቹን ስም እየነገረኝ እነሱንም ጠራሁ። ድምፄ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም፤ ማንም ለድምፄ አልመጣም።

ሁሉም ወጡ። አንድም ሰው አልተረገጠም። የወደቁት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ይዘው በልጃቸው ተደግፈው ወጡ። አዳራሹ ውስጥ የተገለበጡ አግዳሚዎች፣ አንድ ነጠላ ጫማ፣ ያልተነካ ቆጮ እና እኛ ቀረን። እኔ ግን መጥራት ማቆም አልቻልኩም መሰለኝ፣ "የአቶ ወልዴ ቤት" ብዬ ጠራሁ።

አባዬ መዝጊያውን እንደያዘ "እኔ ከአንቺ ጋር ነው የምወጣው" አለ።

ስንወጣ የኬላው አለቃ ደረጃው ስር ቆሞ ነበር፤ ረጅም፣ ፊቱ የደከመው ሰው። የፈነዳው ከአዳራሹ ጀርባ ያለው የመብራት ትራንስፎርመር መሆኑን ነገረን። ልጆቹ ፍንዳታውን ሲሰሙ ነው ወደ ሰማይ የተኮሱት። "አንድ ሰው ሮጦ ቢወጣ ኖሮ" ብሎ ጀመረና ተወው። ወደ ኦቦ ቶለሳ ዞሮ በኦሮምኛ "አባቴ፣ ጠዋት ያስደገምንህ ለካ ለዚህ ኖሯል" አላቸው። ኦቦ ቶለሳ ሳክስፎኑን በጆንያው እየጠቀለሉ "ቶሌ፣ እሺ" ብቻ አሉት። ቋጠሮው አልታሰር አላቸው፤ አለቃው ጎንበስ ብሎ አሰረላቸው።

እኔና አባዬ ጭቃውን እየመረጥን ወደ ቤት ሄድን። ገና ብርሃን ነበር። ከየአጥሩ ሰው ብቅ እያለ "ነጋ?" ይለናል፤ "ነጋ" እንላለን። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ "እነዚያን ሁሉ ታውቂያቸዋለሽ?" አለኝ።

"ሰርጋቸውን ዘፍኛለሁ፤ ወይ የልጆቻቸውን።"

"እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ጨርቅ ሸጬላቸው እንደዚያ አላውቃቸውም" አለ። ትንሽ ሄደና ቆመ። "ነገ ትሄጃለሽ?" ቀን ላይ ትሄጃለሽ ብሎኝ ነበር፤ ያኔ ትእዛዝ ነበር። አሁን ግን ጥያቄ ነው። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነበር።

ጠዋት አብረን አይሱዙው ጋ ሄድን። ሻንጣዬን ይዣለሁ። ጋቢናው በር ተከፍቶ ይጠብቀኛል። እግሬን አንስቼ መርገጫው ላይ አደረግሁት፤ አወረድኩት። ወደ አባዬ ስዞር ፊቴን አይቶ ሻንጣዬን ከእጄ ወሰደና ለኤርሚያስ እንዲህ አለው፦ "እናቷ ጋ ስትደርስ፣ ልጅቷ ሥራ ስላላት ቀረች በልልኝ። ደህና ነች በልልኝ።" ዘፈኔን ሥራ ብሎ ሲጠራው የሰማሁት ያን ጠዋት ነው። ቦታዬን ለአንዲት ታማሚ ሴትዮ ሰጠናት።

ትክክል ነበርኩ ወይ? እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ጦርነቱ መጣ። በዙሪያችን ባሉ ገጠሮችና ከተሞች የሆነውን እኔ አልተርከውም፤ የደረሰባቸው አሉ፣ እነሱ ይተርኩት። እናቴ መልእክቴ ሲደርሳት ሦስት ቀን ከማንም ጋር እንዳልተነጋገረች እህቴ በኋላ ነገረችኝ። ይህን ዕዳዬን አውቀዋለሁ። የአባዬ ሱቅ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ከረመ። ኦቦ ቶለሳ አርጆ ተመልሰው በሚቀጥለው ክረምት በሕመም አረፉ፤ መንገድ ስላልነበረ የሰማነው ከተቀበሩ ከሰነበቱ በኋላ ነው፤ ቀብራቸው ላይ አልተጫወትንላቸውም። ወንድወሰን ወደ ወሎ ተዛወረ። ጋዲሳ አሁንም ከእኔ ጋር ነው፤ እናቱም አውቀዋል፤ ለእሑድ አምልኮ እስካልቀረ ድረስ ታርቀውታል። ያን ቀን በስማቸው ከጠራኋቸው መካከል ደግሞ ዛሬ ብጠራቸው የማይመልሱልኝ አሉ።

ስለዚህ ሙዚቃ ጦርነት ያቆማል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የእኔን ታሪክ ምስክር አድርጎ እንዳያቀርበው። አላቆመም። ያቆመው አንድ ግፊያ ነው። ግን እዚያ ግፊያ ውስጥ ለነበረ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

እኔን የለወጠኝ ሌላ ነው። ከዚያ በፊት ዘፈን እያጠናሁ ነበር የምኖረው፤ ከዚያ ወዲህ የማጠናው ሰው ነው። ያን ቀን በልብሳቸው የጠራኋቸው ሰዎች ትዝ ይሉኛል፤ ስማቸውን ባለማወቄ አፍሬያለሁ፤ ሌላው በስሙ ሲወጣ እነሱ በካፖርታቸው ወጡ። አሁን ሥራ ባለበት ቀን ከባንዱ ሁሉ ቀድሜ እደርሳለሁ። መጀመሪያ በሮቹን አያለሁ፤ ተቆልፎ የቆየ ካለ አስከፍታለሁ። ከዚያ መግቢያው ላይ ቆሜ የሚገባውን እንግዳ ስሙን እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይደነግጣል፤ ዘመኑ እንዲህ ነውና ስም የሚጠይቅ ሰው ያስፈራል፤ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነህ ብዬ ልለየው ይመስለዋል።

እናንተም አንድ ቀን ወደ ነቀምት ለሰርግ ብትመጡና ድንኳኑ በር ላይ አንዲት ሴት "ስምህ ማነው? ስምሽ ማነው?" ብላ ብታስቆማችሁ አትቀየሟት። አገራችሁን አልጠይቃችሁም። ስማችሁን ብቻ ንገሩኝና ግቡ።